የቤት ውስጥ የውሃ ማሞቂያ ደኅንነትና ወቅታዊ ጥገናው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



በአዲስ አበባ በአንድ ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ኃላፊ ሆኖ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ በየማለዳው ወደ ማሽኑ ክፍል ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የግፊት መለኪያውን ነው። ቀጥሎ የውሃውን ከፍታ በመስተዋቱ ያያል፤ የሴፍቲ ቫልቩን መዝገብ ይገልጣል፤ ያየውንም ጽፎ ይፈርማል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ 80 ሊትር ውሃ የሚይዝ ሌላ ቦይለር ከመታጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ይህኛው ከተተከለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ማንም ከፍቶ አይቶት አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከሥሩ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን አረጠበ ተብሎ የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ነበር፤ ሠራተኛውም ውሃ የሚያንጠባጥበውን ትንሽ ቀዳዳ በቡሽ ደፍኖ፣ የድካሙን ዋጋ ተቀብሎ ሄደ። የቤቱ ጌታም «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እስከ በር ሸኘው።

ያ ቀዳዳ የሴፍቲ ቫልቩ መውጫ ነበር።

ይህ መሐንዲስ ቸልተኛ ሰው አይደለም፤ ዕውቀትም አልጎደለውም። ልዩነቱ ሌላ ነው። ለፋብሪካው ቦይለር ሕግ አለው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ከአደጋ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ መዝገቡም፣ ፈራሚውም በቦታው አሉ። የመታጠቢያ ክፍሉ ቦይለር ግን ከቤቱ ባለቤት በቀር ተቆጣጣሪ የለውም፤ ባለቤቱም ዕቃውን የሚያስታውሰው ውሃው የቀዘቀዘበት ዕለት ብቻ ነው። ውሃው እስከ ሞቀ ድረስ ዕቃው ደኅና ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚህ ዕቃ ጋር የተያያዘው ትልቁ ስሕተት ይኸው እምነት ነው፤ ምክንያቱም የቦይለሩ ጠባቂዎች አንድ በአንድ ሥራቸውን ሲያቆሙ ውሃው መሞቁን አያቆምም። እንዲያውም ይብስበታል።

በተለምዶ ቦይለር የሚባለው የቤት ውሃ ማሞቂያ በእርግጥ እንፋሎት እንዲያመነጭ የተሠራ አይደለም፤ ስሙን የተዋሰው ከትልቁ ወንድሙ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ በኢናሜል የተለበጠ የብረት በርሜል ነው፤ በዙሪያው ሙቀት የሚይዝ አረፋ አለ፤ ከታች ሬዚስታንስና ቴርሞስታት ይገቡበታል፤ በቀዝቃዛው ውሃ መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ሴፍቲ ቫልቭ ይታሠራል። 1,500 ዋት ኃይል ያለው ሬዚስታንስ 80 ሊትሩን ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃው ይሰፋል። ስፋቱ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ዳሩ ግን በ80 ሊትር ላይ ሲታሰብ 1.3 ሊትር ያህል ይሆናል። ውሃ እንደ አየር ተጨምቆ ቦታ የሚለቅ ነገር ስላልሆነ ይህ ትርፍ ውሃ የግድ መሄጃ ያስፈልገዋል። ወደ መጣበት ቧንቧ እንዳይመለስ በሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ያለው መላሽ ከልካይ በር ይዘጋበታል፤ የሙቅ ውሃው ቧንቧም ካልተከፈተ ያው ዝግ ነው። ስለዚህ በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፤ ቫልቩም ከተቃናበት ልክ፣ ይኸውም በአብዛኛው 8 ባር ላይ ሲደርስ፣ ጠብታ በጠብታ ትርፉን ያወጣዋል።

እንግዲህ ያቺ ወለል የምታረጥብ ጠብታ ብልሽት አይደለችም ማለት ነው፤ የዕቃው ትንፋሽ ናት። ውሃው በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚያንጠባጥብና ሙቀቱ ሲሞላ የሚያቆም ቫልቭ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው። ቀንም ሌሊትም፣ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶም ቢሆን የማያቋርጥ ጠብታ ከሆነ ግን ከሁለት ምክንያቶች አንዱ ይጠረጠራል። አንደኛው በቫልቩ መቀመጫ ላይ አሸዋ ወይም ኖራ መግባቱ ነው። ሁለተኛው በሌሊት፣ ተጠቃሚው በሚያንስበት ጊዜ፣ በዝቅተኛ ሰፈሮች የመስመሩ ግፊት ከፍ ማለቱ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ መፍትሔው ግፊት መቀነሻ መትከል ነው። ከሁሉም ይልቅ ሊያጠራጥር የሚገባው ግን ከቶ ጠብ ብሎ የማያውቅ ቫልቭ ነው። ወይ መላሽ ከልካዩ ተበላሽቶ ሙቁ ውሃ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ ወይ ቫልቩ በኖራ ተጋግሮ ታትሟል። ሰው የሚያንጠባጥበውን ከሶ ደረቁን ሲያመሰግን መኖሩ በጣም የሚያስገርም ነገር ነው።

መውጫው ቢደፈን ወዲያውኑ አደጋ አይደርስም፤ ችግሩም ይህ ነው። በርሜሉ አዲስ ከሆነ ግፊቱን ይችለዋል፤ ቴርሞስታቱ በልኩ እስካቋረጠ ድረስም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በየቀኑ ግን በርሜሉ በግፊት ይለጠጣል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይለጠጣል። ኢናሜሉ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውስጥ ዝገት ይጀምራል። አንድ ቀን ደግሞ ቴርሞስታቱ ሳያቋርጥ ይቀራል። ውሃው 100 ዲግሪን አልፎ፣ ግፊቱ ስለያዘው ሳይፈላ፣ እስከ 150 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሁኔታ በርሜሉ ቢቀደድ ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳልና ከውሃው አንድ አሥረኛ ያህሉ ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከ80 ሊትር ውሃ የሚወጣው እንፋሎት ከ15 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ መታጠቢያ ክፍል ግን ሁለንተናው 10 ሜትር ኩብ ነው። ቀሪውን ግድግዳውና በሩ ይከፍላሉ።

ይህ በወረቀት ላይ የተሠላ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 19 ቀን 1982፣ ማለትም ጥር 11 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በሚውልበት ዕለት፣ በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት ስፔንሰር በምትባል ከተማ በሚገኘው ስታር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የውሃ ማሞቂያ ፈንድቶ ስድስት ሕፃናትና አንዲት መምህርት ሞቱ፤ ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎችም ቆሰሉ። ማሞቂያው የነበረው ከመመገቢያ አዳራሹ አጠገብ ሲሆን፣ የፈነዳውም ልጆቹ ምሳ ላይ ሳሉ ነው። ለእጅ መታጠቢያና ለሳሕን ማጠቢያ ውሃ ከማሞቅ በቀር ሌላ ሥራ ያልነበረው ዕቃ ነበር። የኢንዱስትሪው ዓለም ትምህርቱን የቀሰመው ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 በማሳቹሴትስ ግዛት በብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች በሞቱ ጊዜ ግዛቲቱ የቦይለር ሕግ አወጣች፤ ከዚያም የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር እስከ ዛሬ እየታደሰ የሚሠራበትን የቦይለር ደንብ አዘጋጀ። ደንቡ በቤቶች ደጃፍ ላይ ሲደርስ ግን ለስለስ ይላል።

እዚህ ላይ በሁለት ዓይነት ቫልቮች መካከል ያለውን ልዩነት ማስታወስ ይገባል። በአሜሪካ የቤት ማሞቂያዎች ላይ የሚታሠረው ቫልቭ ግፊትንም ሙቀትንም ይሰማል፤ ውሃው 99 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ምንም ይሁን ምን ይከፈታል። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው፣ በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የሚታሠረው ትንሽ የናስ ቫልቭ ግን የሚሰማው ግፊትን ብቻ ነው። በ8 ባር ላይ የተቃና ቫልቭ ውሃው ከ170 ዲግሪ በላይ እስኪሞቅ ድረስ ትርፉን እያንጠባጠበ በርሜሉን ሊያቆየው ይችላል። ስለሆነም የሙቀቱ ጥበቃ በሙሉ የወደቀው በቴርሞስታቱና በእሱ ላይ በተጨመረው ሁለተኛ ማቋረጫ ላይ ነው። ይህ ሁለተኛ ማቋረጫ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን ቆርጦ በራሱ የማይመለስ፣ በእጅ ተጭነው የሚመልሱት ትንሽ ቁልፍ ያለው ነው። ቁልፉ አንድ ጊዜ ቢዘል የኃይል መዋዠቅ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ከዘለለ ግን ቴርሞስታቱ ይለወጥ ማለቱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ «እያስቸገረ ነው» ተብሎ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ማቋረጫው ይታለፍና ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ለሬዚስታንሱ ይሰጣል። ውሃው ይሞቃል፤ ቤተሰቡም ይደሰታል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ለነዋሪዋ አንድ ምልክት ሰጥቶታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያህል ቦታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሲከፈት እየሳለና እየተፋ እንፋሎት ከቀላቀለ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ይህን ልክ አልፏል፤ ቴርሞስታቱም ማቋረጫውም አልሠሩም ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የሚደረገው ብሬከሩን ማጥፋትና ራቅ ብሎ ዕቃው እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ለማስገባት መሞከር አይገባም።

ውሃ በጣሪያ ላይ ከተቀመጠ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ፣ ሕዝቡ ሮቶ ከሚለው፣ በሚወርድበት ቤት ደግሞ ሌላ ዓይነት አደጋ አለ። መላሽ ከልካይ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ከልክ በላይ የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ተመልሶ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር በሶመርሴት አውራጃ የአንድ ቤት ቴርሞስታት ተበላሽቶ፣ የፈላ ውሃ በጣሪያ ሥር ወዳለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ሲገባ ማጠራቀሚያው ላልቶ ወድቆ ከታች የተኛ ሕፃን ሕይወት አጥፍቷል።

ከፍንዳታ ይልቅ በየቤቱ ደጋግሞ የሚያሰጋው ግን ኤሌክትሪኩ ነው። ሬዚስታንሱ በቀጭን የብረት ቱቦ የተሸፈነ ሽቦ ነው፤ ቱቦው በዝገት ወይም በኖራ ሥር በሚፈጠር ከፍተኛ ሙቀት ሲሰነጠቅ 220 ቮልቱ ከውሃው ጋር ይገናኛል። ውሃውም ከሰውየው ጋር፤ ሰውየውም ከእርጥብ ወለል ጋር። ከዚህ የሚያድኑ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የመሬት ሽቦ፣ ሁለተኛው አፈትልኮ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ሰምቶ የሚቆርጠው አር.ሲ.ዲ. የሚባለው ማቋረጫ። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ወይም የመሬት ንክኪ አለው፤ ከኋላው ግን ምንም ሽቦ የለም። በአንዳንድ ቤት ደግሞ የመሬት ሽቦው ከውሃ ቧንቧ ጋር ታሥሯል፤ ቧንቧው በቅርቡ በፕላስቲክ ተተክቷልና ሽቦው የትም አይደርስም። ተራው ብሬከር ሰውን ለማዳን የተሠራ አይደለም። 16 አምፔር የሚሸከም ብሬከር፣ ልብን ለማቆም የሚበቃውን የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ አር.ሲ.ዲ. ግን ይቆርጣል፤ እሱም ቢሆን በላዩ ያለው የመፈተሻ ቁልፍ በየወሩ ካልተጫነ ውስጡ ተጣብቆ መቅረቱ አይታወቅም። ቧንቧ ሲነካ እጅን ነዘር የሚያደርግ ቤት ውስጥ «ትንሽ ነው» ተብሎ መታጠብ ከቶ አይገባም።

ውሃው ራሱም የበኩሉን ያደርጋል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ የድሬዳዋ ነዋሪ ደግሞ በየጀበናው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ይኸው ቅርፊት ሬዚስታንሱን ሲያለብሰው ሙቀቱ ወደ ውሃው በቀላሉ አይተላለፍም፤ ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን የኖራው ክምችት ይፋጠናል፤ ከዚያ እጅግ ዝቅ ሲል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ ወረርሽኝ ያስነሣው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ 60 ዲግሪ የሚመረጠው ልክ ነው፤ ሕፃን ባለበት ቤት ግን ይህ ሙቀት በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ቆዳ ስለሚያቃጥል ከቀዝቃዛ ጋር የሚቀላቅል መቆጣጠሪያ በገላ መታጠቢያው ላይ ያስፈልጋል። በበርሜሉ ውስጥ የሚገባው የማግኒዚየም ዘንግ በብረቱ ፈንታ እየተበላ የሚያልቅ ነው። ካለቀ ተረኛው በርሜሉ ነው።

በከተማው ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የሚያጋጥመውን ነገር የውጭ አገር የአጠቃቀም መጻሕፍት አይጽፉትም። መስመሩ ሲደርቅ፣ መላሽ ከልካዩ የማይዝ ከሆነ፣ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ተስቦ ወደ መስመሩ ይወርዳል። ሬዚስታንሱ በአየር ውስጥ ቀርቶ ይግላል፤ ውሃው ሲመለስም በጋለው ብረት ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ውሃ ሲጠፋ ቦይለሩን ማጥፋት የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የቤት ሠራተኛዋም ጭምር፣ ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

አሰቃቀሉም መነሣት አለበት። ውሃ የሞላ 80 ሊትር ቦይለር ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ያለው መለያ ግድግዳ ደግሞ ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው፤ በእሱ ላይ በተራ ፊሸር የተያዘ ብሎን የሚተማመነው በሁለት ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ በተሰማ ጊዜ የብዙ ሰው ዓይን ወደ መብራቱ መወዛወዝ ነበር፤ ከመታጠቢያው በላይ ወዳለው ግን ጥቂቶች ሳይመለከቱ አልቀሩም። ግድግዳውን በስቶ ከኋላ በብረት ሳሕን የሚታሠር ብሎን ሥራው ቀላል ነው።

ጥገናው ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በየወሩ የሴፍቲ ቫልቩን ማንሻ ጥቂት ከፍ አድርጎ ውሃ ማስፈሰስና መልሶ መልቀቅ፣ የአር.ሲ.ዲ.ውንም ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። ማንሻው አልንቀሳቀስ ካለ፣ ወይም ከተለቀቀ በኋላ ቫልቩ አልዘጋ ካለ፣ መጠገን ሳይሆን መለወጥ ነው፤ ዋጋውም ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በቫልቩና በበርሜሉ መካከል ምንም ዓይነት መዝጊያ መኖር የለበትም፤ የመውጫው ቱቦም ወደታች ያዘነበለ፣ ጫፉም ክፍትና የሚታይ መሆን አለበት።

በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በርሜሉ ይከፈታል። ብሬከሩ ይጠፋል፤ ማብሪያው ብቻ መጥፋቱ አይበቃም፤ ሽቦው ላይ ኃይል አለመኖሩም በመለኪያ ይረጋገጣል። ውሃው ከበረደ በኋላ ቀዝቃዛው ይዘጋል፤ ሙቁ ቧንቧ ተከፍቶ አየር ሲገባ በርሜሉ ይራገፋል። ክዳኑ ሲወርድ ከታች የሚገኘው ጭቃና ቅርፊት አንዳንድ ጊዜ ባልዲ ይሞላል። ሬዚስታንሱ በካቻቢቴ ሳይሆን በኮምጣጤ ተነክሮ ይጸዳል፤ መፋቅ ቱቦውን ይጎዳዋልና። የ1,500 ዋት ሬዚስታንስ በ220 ቮልት ሲታሰብ ተቃውሞው 32 ኦም ያህል መሆን አለበት፤ በሽቦውና በቱቦው መካከል በ500 ቮልት ሜገር ሲለካ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ ግን ቢያሞቅም ዕድሜው አብቅቷል። የማግኒዚየሙ ዘንግ ግማሽ ከሆነ ይለወጣል። የክዳኑ ጎማ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ሽቦዎቹን የሚያላቅቀውና የሚያገናኘው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ መሐንዲስ መሆን ብቻውን ይህን ፈቃድ አይሰጥም። ሲዘጋም ውሃው አስቀድሞ ይሞላል፤ የሙቁ ቧንቧ አየሩን ተፍቶ ጨርሶ አንድ ወጥ ውሃ እስኪያፈስስ ይጠበቃል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

መሐንዲሱ ያን ቡሽ የነቀለው አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ማንሻውን ሊያነሣ ቢሞክር አልነቃነቅ አለው፤ ቫልቩ ተፈቶ ሲታይ ውስጡ በነጭ ኖራ ተሞልቶ ነበር። ከማግኒዚየሙ ዘንግ የቀረው የብረት ሽቦው ብቻ ነው። የመሬት ሽቦው ደግሞ በቦይለሩ በኩል በደንብ ታሥሮ፣ በሶኬቱ በኩል ተቆርጦ ተገኘ። አዲሱ ቫልቭ ከታሠረ በኋላ በመውጫው ሥር ምልክት ያለው የመለኪያ ዕቃ አኖረ፤ በማግስቱ ማለዳ ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ነበረበት። ባለቤቱ የልጆቹን አንድ ያለቀ ደብተር አምጥታ ቀኑንና ልኩን ጻፈችበት፤ ደብተሩንም ከመታጠቢያው በር ጀርባ በሲባጎ ሰቀለችው።